ዘሩ ነው ወይስ መሬቱ? ጨው ያለበት አፈር አላበቅል ላላችሁ

ባለፈው እትም ስለ ሽንኩርት ችግኝ ስንጽፍ «መሬቱ ጨዋማ ከሆነ ግን ሌላ ወሬ ነው» ብለን አልፈን ነበር፣ ይቺ አንድ አረፍተ ነገር ናት እንግዲህ ይሄን ሁሉ ደብዳቤና የቴሌግራም መልእክት የጠራችብን። ሁሉንም ማተም ስለማይቻል አምስቱን መርጠናል፣ ስማችሁን ትተን አካባቢያችሁን ብቻ ጽፈናል።

ከአሚባራ፣ አፋር

«ጋሼ እንደምን ሰነበቱ። ወረር አጠገብ ግማሽ ሄክታር መሬት ተከራይቼ በመስኖ በቆሎ ዘርቼ ነበር፣ አንዱ ጋ ሞልቶ ይወጣል ሌላው ጋ ባዶ ነው፣ ተላጭቶ እንደቀረ ራስ። መደቡ አናት ላይ ነጭ ነጭ ነገር ይታያል። ዘሩን የሸጠልኝ ሰውዬ መሬትህ ነው ይላል፣ መሬቱን ያከራየኝ ደግሞ ዘሩ ነው ይላል፣ መሀል ላይ ብሬ ቀለጠ። ዘሩን ጨው ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ ዝራው የሚል ቪዲዮም አይቻለሁ፣ እውነት ነው?»

ወንድሜ፣ ሁለቱም የየራሳቸውን እንጀራ ነው የሚጠብቁት፣ ስለዚህ ማንኛቸውንም ሳትሰማ መጀመሪያ ራስህ ፈትነው፣ ምንም ወጪ የለውም። ከዘሩ የተረፈህ ካለ 100 ፍሬ ቁጠር፣ ስትቆጥር ግን ቆንጆ ቆንጆውን አትልቀም፣ እጅህ የገባውን ነው የምትወስደው። እርጥብ ጨርቅ ወይም ሶፍት ላይ ደርድረህ ጠቅልለውና ጨርቁ እንዳይደርቅ ፌስታል ውስጥ አድርገህ ጥላ ቦታ አስቀምጠው። በሳምንቱ ስትፈታው ከ85 በላይ ከበቀለ ሻጩን ተወው፣ ዘሩ ደህና ነው። 50 ወይም 60 ከሆነ ደግሞ ሰውዬው ጋ የምትወስደው ማስረጃ አለህ ማለት ነው።

ከዚያ ሦስት ጣሳ አዘጋጅ፣ ሥራቸውን በምስማር ብሳቸው። አንዱ ውስጥ ከመደቡ አናት ላይ የላይኛውን ሦስት ጣት የሚያህል አፈር ጠርገህ አድርግ፣ ሁለተኛው ውስጥ ከዚያው ቦታ የወሰድከውን አፈር አድርገህ ደህና ውሃ ደጋግመህ እያፈሰስክ ከሥር እስኪንጠባጠብ አጥበው፣ ሦስተኛው ውስጥ የወንዝ አሸዋ አድርግ። በየጣሳው አስር አስር ፍሬ ዝራ። አሸዋውና የታጠበው በቅለው ያልታጠበው ከቀረ ከዚህ በላይ ላቦራቶሪ አያስፈልግህም፣ ጨው ነው።

አሁን ደግሞ ማሳህ ውስጥ ግባና ያልበቀለበት ቦታ ላይ በጣትህ ቆፍረህ ፍሬውን አውጣው፣ ብዙ ይናገራል። ፍሬው እንደዘራኸው ደርቆ ጠንካራ ሆኖ ከተገኘ ውሃ አልጠጣም ማለት ነው፣ አፈሩ እርጥብ ሆኖ እያለ። ሥጋ ላይ ጨው ስትነሰንስ ውሃውን እንደሚያወጣው ሁሉ አፈሩ ውስጥ ያለው ጨው ውሃውን ይዞ ለዘሩ አልለቅም ይላል፣ ዘር ደግሞ መጀመሪያ ውሃ ስቦ ካላበጠ ምንም ነገር አይጀምርም። ይሄ ዓይነቱ ዘር ብዙ ጊዜ አልሞተም፣ ጥሩ ዝናብ ቢመጣ ወይም ጨው የሌለው ውሃ ቢያገኝ ተነስቶ ሊበቅል ይችላል። አብጦ ትንሽ ሥር አውጥቶ ጫፉ ቡናማ ሆኖ የቀረ ከሆነ ግን ሶዲየምና ክሎራይድ ገብቶ ጎድቶታል ወይም በሽታ ነው። ቡቃያው ተጣምሞ ከላይ ካለው ጠንካራ ቅርፊት ሥር ተጣጥፎ ካገኘኸው ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፣ እሱን ለመተሐራው ጠያቂ የመለስኩት ላይ ታገኘዋለህ።

ነጩ ነገር መደቡ አናት ላይ ብቻ የሆነበት ምክንያት አለው። ግራና ቀኝ ባለው ቦይ ውሃ ስትለቅ ውሃው ከሁለቱም በኩል ወደ መደቡ መሀል ይሰርጋል፣ ጨውንም እየገፋ ይዞት ይሄዳል፣ መሀል ላይ ይገናኙና ውሃው በፀሐይ ይተናል ጨው እዚያው ይቀራል። አንተ ደግሞ ዘሩን የት ዘራኸው? እንደማንኛውም ሰው አናቱ ላይ፣ ልክ ጨው የተሰበሰበበት ቦታ። ይሄ ነው እንግዲህ አንዱ ጋ ሞልቶ ሌላው ጋ ባዶ የሚሆነው፣ መደቡ ትንሽ ጎርበጥ ብሎ ከፍ ያለበት ቦታ ላይ ሁሉ ጨው ይበዛል።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ዘር አናቱን ተወው፣ ትከሻው ላይ ዝራ፣ ማለትም ከመደቡ ጎን ውሃው ከሚደርስበት መስመር ትንሽ ከፍ ብሎ። መደብህ ሰፊ ከሆነ ሁለቱም ትከሻ ላይ ሁለት መስመር ይወጣልሃል፣ መሀሉ ለጨው ይቅር። መደቡ ጠባብ ከሆነ ደግሞ አንዱን ቦይ ዘልለህ በአንድ በኩል ብቻ አጠጣ፣ ያኔ ጨው ወደ ደረቁ ጎን ይገፋል፣ አንተ ዘሩን ውሃው ባለበት ጎን ታደርገዋለህ። ቦዩ ውስጥ ታች መዝራትም አለ፣ ጨው በጣም ሲከፋ የሚደረግ ነው፣ ግን ውሃ የሚተኛበት ጭቃ መሬት ከሆነ ዘሩ ታፍኖ ይበሰብሳል፣ ያንተ መሬት ጭቃ ይመስለኛልና ባትሞክረው።

ከዚህ በላይ የሚሠራው ግን ከመዝራትህ በፊት መሬቱን ማጠብ ነው። በልምድ የሚታወቀው ልክ እንዲህ ነው፣ 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ መሬቱ ውስጥ ሰርጎ ካለፈ ከላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ካለው ጨው ግማሽ ያህሉን ይዞት ይወርዳል፣ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 80 በመቶ ገደማ። ለግማሽ ሄክታር 15 ሴንቲ ሜትር ማለት 750 ሜትር ኩብ ውሃ ነው፣ ትንሽ አይደለም። አንዴ አጥለቅልቆ ከመተው በሁለት በሦስት ጊዜ ከፋፍሎ ቀዝቀዝ ሲል ማጠጣት ውሃውን ይቆጥባል። ከዚያ መሬቱ ለእግር ሲመች ወዲያው ዝራ፣ ሳምንት ካቆየኸው ፀሐይዋ ጨውን መልሳ ታወጣልሃለች፣ አሚባራ ፀሐይ ደግሞ አንተ ታውቀዋለህ።

ግን አንድ ነገር መጀመሪያ አረጋግጥ። ሁለት ሜትር ያህል ቆፍርና አንድ ሌሊት ተወው። ጠዋት ውሃ ቋጥሮ ካገኘኸው ማጠቡ አያዋጣህም፣ ምክንያቱም የምታፈሰው ውሃ የሚሄድበት የለውም፣ የከርሰ ምድሩን ውሃ ከፍ አድርጎ ተመልሶ ጨው ይዞ ይመጣል። አካባቢህ ላይ የሆነው እኮ ይሄው ነው፣ የአዋሽ ውሃ ራሱ ያን ያህል ጨዋማ አይደለም፣ ግን በአሚባራ በመልካ ሰዲ ለዓመታት ሲጠጣ ማፋሰሻ ሳይሠራለት የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ላይ መጣና ያ ሁሉ የሙዝና የጥጥ መሬት ጨው በላው። ማፋሰሻ ቦይ ከጎረቤቶችህ ጋር ተነጋግራችሁ እንጂ ብቻህን የምትሠራው አይደለም፣ ስለዚህ የኪራይ ውልህን ከማደስህ በፊት ይሄን ጉድጓድ ቆፍር እልሃለሁ።

ቪዲዮው ላይ ያየኸው ጉዳይ። ዘርን ቀለል ባለ ጨው ውሃ መዘፍዘፍ የሚባል ነገር አለ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ለቲማቲምና ለመሳሰሉት ጥሩ ውጤት ያሳየባቸው ጊዜያት አሉ፣ ግን ልኩ ትንሽ ሲበዛ ዘሩን ራስህ ትገድለዋለህ፣ እዚያ ላይ ባለ ቪዲዮው «አንድ እፍኝ» ነው የሚልህ፣ የማን እፍኝ? ጨው የሌለበት ንጹህ ውሃ አብዛኛውን ጥቅም ይሰጥሃል። በቆሎና ስንዴ 12 ሰዓት ያህል፣ ማሽላ ከ8 እስከ 10፣ ሽምብራ 8። ማታ ትዘፈዝፋለህ፣ ጠዋት አውጥተህ ጥላ ላይ ታሰጣዋለህ፣ እጅ ላይ የማይጣበቅ ሆኖ ላዩ ሲደርቅ በዚያው ቀን ትዘራዋለህ። ዘሩ ግማሽ መንገዱን ተጉዞ ስለሚገባ ቶሎና እኩል ይወጣል፣ ጨው ወደ ላይ ሳይመለስ ማለት ነው፣ ጥቅሙ ይሄው ነው፣ ጨው የሚችል ዘር አያደርገውም።

ከሰዓቱ አታሳልፍ። ብዙ ከቆየ ዘሩ ውሃ ባታደርግለትም ከረጢት ውስጥ መብቀል ይጀምራል፣ ያኔ ማሳው ሲደርቅበት ይሞታል። እና ደግሞ ቀይ ወይም አረንጓዴ የተቀባ ዘር ከሆነ መድኃኒት ነው፣ አትዘፍዝፈው፣ መድኃኒቱም ይታጠባል ውሃውም ለከብት ለዶሮ መርዝ ነው።

ማዳበሪያውን ከዘሩ ጋር አንድ ጉድጓድ ውስጥ አትጨምር። ኤንፒኤስ ራሱ ጨው ነው፣ ጨዋማ መሬት ላይ ዘር አፍ ላይ ስታደርገው ጨው በጨው ላይ መጨመር ነው፣ ዩሪያም ሲፈርስ በሚያወጣው አሞኒያ ዘሩን ይጎዳል። ከዘሩ አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ራቅ ወደ ታች ወረድ አድርገው፣ ዩሪያውን ደግሞ በቅሎ ከቆመ በኋላ።

ከመቂ

«እናንተ ልጆች እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ባለቤቴ ካረፈ ጀምሮ ልጆቼን ይዤ ቲማቲምና ሽንኩርት ነው የማመርተው። ድሮ ከሐይቁ በሚመጣው ውሃ ነበር፣ አሁን ጉድጓድ አስቆፍረን በሞተር እናጠጣለን፣ ሻይ ስናፈላበት ራሱ ጣዕሙ ይሰማል። የሽንኩርቱ ፍል (ለማዛወር የሚዘራው ችግኝ) አልበቅል አለ፣ የበቀለውም ቀጥኖ ይቀራል። ቲማቲሙ በቅሎ ሲዛወር ይጠወልጋል። በቅርብ ድሪፕ (የጠብታ መስኖ) አስገብተናል፣ እሱም አላዳነኝም። ምን ትሉኛላችሁ?»

እማማ፣ ነፍስ ይማርልን። ሻይ ላይ ጣዕሙ ከተሰማዎት ሽንኩርት ደግሞ ከእርስዎ በላይ ይሰማዋል፣ ከአትክልት ውስጥ ጨው ከማይወዱት አንዱ ነው። ባለሙያዎች የጨውን መጠን ኢሲ በሚባል ነገር ይለኩታል፣ ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል ያስተላልፋል የሚለው ነው፣ ጨው ሲበዛ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ እዚህ የምጠቅሳቸው ቁጥሮች በዴሲ ሲመንስ በሜትር (dS/m) ናቸው። ሽንኩርት አፈሩ ውስጥ ከ1.2 በላይ ሲሆን ምርቱ መቀነስ ይጀምራል፣ ከዚያ በላይ በየአንዷ ቁጥር 16 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቃሪያ 1.5፣ ቲማቲም ትንሽ ይሻላል 2.5። ውሃው ራሱ ደግሞ ከ0.7 በታች ከሆነ ስጋት የለውም፣ ከ0.7 እስከ 3 ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ከ3 በላይ ከሆነ ለሽንኩርት አይሞክሩት። ልጆችዎ በጀሪካን ሳይሆን በንጹህ የሃይላንድ ጠርሙስ ሞልተው ወረዳው ግብርና ቢሮ ወይም የምርምር ማዕከል ይዘው ይሂዱ፣ መለኪያዋ በእጅ የምትያዝ ትንሽ ነገር ናት፣ አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ለምን ይሄን ያህል ስለ ውሃው አወራለሁ መሰለዎት፣ ኢሲው 1 የሆነ ውሃ በአንድ ሊትር ውስጥ 640 ሚሊ ግራም ገደማ ጨው አለው። በአንድ ሄክታር ላይ በአንድ ምርት 5,000 ሜትር ኩብ ካጠጡ 32 ኩንታል ጨው መሬትዎ ላይ አራገፉ ማለት ነው። ቲማቲሙ ውሃውን ይጠጣል ጨውን ይተወዋል፣ ክረምቱ ደህና ዘንቦ ካላጠበው በዓመቱ ይደመራል።

አሁን መፍትሔው። ማሳውን በሙሉ በደህና ውሃ ማጠጣት አይችሉም፣ ግን ፍሉን ይችላሉ። ለፍል የሚሆነው መሬት ትንሽ ነው፣ ለአንድ ወር ከምናምን በዝናብ ውሃ ከጣሪያ በተጠራቀመ ወይም ከሐይቁ በጋሪ በመጣ ውሃ ሊያድግ ይችላል፣ ዋጋው ከሚጠፋው ዘር አይበልጥም። የሽንኩርት ዘር ዛሬ ስንት እንደሆነ እኔ ለእርስዎ አልነግርም። የፍሉን መደብ ደግሞ ፍግ የሚጨምሩበት ከሆነ ያረጀና በክረምት ዝናብ የታጠበ ይሁን፣ ትኩስ የበረት ፍግ ሽንት ስላለበት ራሱ ጨው ነው። ዘሩን ከዘሩ በኋላ ሳር ጉዝጓዝ አልብሰው እስኪወጣ ድረስ ጠዋትና ማታ በመጠኑ ያጠጡ፣ የላዩ አፈር ደረቀ ማለት ከሥር ያለው ጨው ወደ ዘሩ መጣ ማለት ነው። ብቅ ብቅ ሲል ጉዝጓዙን ማታ ላይ ያንሱለት።

የቲማቲሙን ችግኝ ጠንከር እስኪል ጠብቀው ያዛውሩት፣ ያደገ ተክል ገና ከበቀለ ጨቅላ ይሻላል። ሲያዛውሩ የድሪፑ ቀዳዳ አጠገብ ይሁን፣ ራቅ አድርገው አይትከሉት። ድሪፕ ጨውን ከጠብታው ዙሪያ እየገፋ ወደ ዳር ይወስደዋል፣ መሬቱ ላይ ክብ ክብ ነጭ መስመር ሆኖ ያዩታል፣ ችግኙ ያ ነጭ መስመር ላይ ካረፈ አለቀለት፣ ጠብታው ሥር ካለ ግን ይኖራል። እኔ ድሪፑ አላዳነኝም ያሉት ከዚህ የመጣ ነው ብዬ ነው የምጠረጥረው።

አንድ ሰው የማይነግርዎት ነገር ደግሞ ልንገርዎ። ትንሽ ዝናብ ሲያካፋ ሁሉም ሰው ደስ ብሎት ድሪፑን ይዘጋል። ያቺ ካፊያ ግን ዳር ላይ የተከማቸውን ጨው አሟሙታ መልሳ ሥሩ ላይ ታስገባዋለች፣ በነጋታው ተክሉ ጠውልጎ ይገኛል። ስለዚህ ካፊያ ሲሆን ድሪፑን ይክፈቱት፣ የሚዘጉት ዝናቡ ዶፍ ሆኖ መሬቱን ሲያርስ ነው። ጎረቤት አበደች ቢል ይበል።

ከመተሐራ

«የኔ መሬት ነጭ አይደለም፣ ጥቁር ነው፣ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ሽንኩርት ስዘራ ቅርፊት ሠርቶ ቡቃያውን ያፍነዋል። ጂፕሰም አምጥተህ በትን ይሉኛል። ስንት ኩንታል ልግዛ?»

እስካሁን ምንም አትግዛ። ጨዋማ የሚባለው መሬት ሁለት ዓይነት ነው፣ የአሚባራው ወንድማችን የነገረን ጨው የበዛበት ነው፣ ያንተ ግን ከጨው ይልቅ ሶዲየም የበዛበት ይመስላል። ሶዲየም የአፈሩን እንክብሎች ይበታትናቸዋል፣ ሸክላው ዱቄት ሆኖ የአየርና የውሃ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ ላይ ላይ የሚታየውም ጥቁር ነገር ውሃው አሟሙቶ ያወጣው የበሰበሰ ቅጠልና ፍግ ሊሆን ይችላል። ይሄን መሬት በውሃ ብቻ ብታጥበው ይብስበታል፣ ጨው ሄዶ ሶዲየሙ ሲቀር ጭራሽ ይዘጋል።

ለማወቅ ብርጭቆ ውስጥ የዝናብ ውሃ ወይም የባትሪ ውሃ (አሲዱን ሳይሆን የተጣራውን ውሃ) አድርግና ከማሳህ ደረቅ ጓል፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል፣ ቀስ ብለህ አስገባ፣ አታማስለው። ጓሏ ተሰብራ ውሃው ግን ንጹህ ሆኖ ከቆየ ደህና ነው። በዙሪያዋ ወተት የመሰለ ደመና ተነስቶ ውሃው ደፍርሶ በነጋታውም ካልጠራ ሶዲየም ነው። ከዚያ ላቦራቶሪ ላክ፣ ፒኤቹ ከ8.5 በላይ፣ ኢኤስፒ የሚሉት ቁጥር (ሸክላው ከያዛቸው ማዕድናት ውስጥ የሶዲየም ድርሻ በመቶኛ) ከ15 በላይ ከሆነ ጂፕሰም ይሠራልሃል፣ ስንት ኩንታል እንደሆነም እዚያ ያሰሉልሃል፣ ጎረቤትህ በበተነው ልክ መበተን ገንዘብ መበተን ነው። ጂፕሰም ውስጥ ያለው ካልሲየም የሶዲየምን ቦታ ይይዛል፣ ሶዲየሙ ግን ታጥቦ መውረጃ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ማፋሰሻ ከሌለህ ጂፕሰሙም ባዶ ነው። እና መሬትህ ነጭ ጨው ብቻ ያለበት ቢሆን ኖሮ ጂፕሰም ምንም አይሠራልህም ነበር፣ እሱ ራሱ ጨው ነው። ይሄን እያወቁ ለሁሉም የሚሸጡ አሉ።

የበሰቃ ሐይቅ ነገር ደግሞ አለ። በ1950ዎቹና 60ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ሐይቅ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል፣ ውሃው ደግሞ ጨውና ሶዳ ነው። ማሳህ ለሐይቁ ቅርብ ከሆነ ከሥር የሚመጣብህን ውሃ በጂፕሰም አታሸንፈውም፣ ይሄን ሳላስብልህ «ስንት ኩንታል» ብቻ ብመልስ ልክ አይሆንም።

ለዚህ ዓመት ግን መብቀል ስላለበት፣ ሽንኩርቱን ፍል አፍልተህ አዛውር፣ በቀጥታ አትዝራ። በቀጥታ የምትዘራው በቆሎ ወይም ማሾ ካለ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሦስት አራት ፍሬ አድርግ፣ አብረው ሲገፉ ቅርፊቱን ይሰብሩታል፣ ከወጡ በኋላ ትነቅላቸዋለህ። ቀለል አድርገህ ሸፍን፣ በላዩ ገለባ ወይም የደቀቀ ኮምፖስት በትን፣ ከዘራህ በኋላ ውሃው ቀጥታ ዘሩ ላይ እንዳይወርድ ቦዩ ውስጥ ብቻ ልቀቅ። ቅርፊቱ ከሠራም እንዳይደርቅ በትንሽ ውሃ አርጥበው፣ እርጥብ ቅርፊት ቡቃያ ይበሳዋል።

ከዱብቲ

«ጨው የሚችል እህል የትኛው ነው? ባጭሩ ንገሩኝ።»

ባጭሩ፦ ገብስ እስከ ኢሲ 8፣ ጥጥ 7.7፣ ማሽላ 6.8፣ ስንዴ 6 ድረስ ምርታቸው ብዙም አይቀንስም። በቆሎ 1.7፣ ቦሎቄ 1። ለከብት ከሆነ ደግሞ ሮድስ የሚባለው ሳር ጨው ይችላል።

ግን ይሄ ዝርዝር ከቆመ በኋላ ስላለው ነው። ሲበቅልና ጨቅላ ሳለ ሌላ ነው፣ ገብስ ራሱ ሲበቅል ከ4 ከ5 በላይ ባይሆንበት ይመረጣል፣ ስኳር የሚወጣበት ሥር፣ ሹገር ቢት የሚሉት፣ ካደገ በኋላ 7 ይችላል ሲበቅል ግን ከ3 በላይ አይወድም። ስለዚህ «ጥጥ ጨው ይችላል» ብለህ ነጭ አናት ላይ ከዘራኸው አይበቅልልህም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሳምንታት የላይኛዋን አምስት ሴንቲ ሜትር አፈር ብቻ ከጨው ጠብቅለት፣ ከዚያ በኋላ ሥሩ ወርዶ የራሱን መንገድ ይፈልጋል።

ራስህ መለካት ከፈለግህ ኢሲ ሜትር ካለህ አንድ እጅ ደረቅ አፈር ለአምስት እጅ የዝናብ ውሃ በጠርሙስ አድርገህ ለረጅም ጊዜ ነቅንቀው፣ ሲረጋ ለካ፣ ከባድ ሸክላ ከሆነ በ6 ወይም 7 አባዛው፣ መካከለኛ አፈር ከሆነ በ10 ገደማ፣ አሸዋማ ከሆነ በ14 ገደማ። ያገኘኸው ቁጥር ነው ከላይ ካለው ዝርዝር ጋር የሚወዳደረው፣ ሳታባዛ ካወዳደርክ መሬትህ ሁሌ ደህና ይመስልሃል።

ከዱባይ

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ የማዳሜ ቤት ሰገነት ላይ ሀበሻ ጎመን መዝራት ፈልጌ ዘር ከአገር ቤት አስመጣሁ፣ ማዳሜም ፈቅዳልኛለች። በሁለት ትልልቅ ባልዲ ዘራሁት፣ ሦስት ፍሬ ብቻ በቀለ፣ ቅጠሉም ዳር ዳሩ ተቃጠለ። የአገሩ አሸዋ ጨው ነው ይባላል፣ እውነት ነው?»

እህቴ፣ አሸዋውን ከየት ነው ያመጣሽው? ከባሕር ዳር ወይም ከግንባታ ቦታ ከሆነ አዎ ጨው አለበት፣ ባይሆን ሱቅ የሚሸጠውን የአትክልት አፈር ግዢ። የኮኮናት ገለባ፣ ኮኮፒት የሚሉት፣ የተቀላቀለበት ከሆነም ብዙ ጊዜ ጨው አለበት፣ ከመዝራትሽ በፊት በደህና ውሃ ሁለት ሦስቴ አጥበሽ ጨምቂው። የቧንቧው ውሃ ግን የባሕር ውሃ ጨውን አውጥተው ስለሚሰጧችሁ ችግሩ ውሃው አይመስለኝም።

ባልዲውን ከሥሩ በስተሽዋል? በደብዳቤሽ አልነገርሽንም፣ ካልበሳሽው ግን ወዲያው ብሺው፣ ጨው መውጫ ከሌለው ስታጠጪ ስታጠጪ እዚያው ይጠራቀማል። ስትዘሪው ከሥር እስኪንጠባጠብ ድረስ ደህና አድርገሽ አጠጪው፣ የወጣውን ውሃ ሳህኑ ውስጥ አታቆዪው፣ ድፊው። ጥራጥሬ መሰል ማዳበሪያ በቅሎ አራት ቅጠል እስኪያወጣ አትጨምሪ፣ ዳር ዳሩ የተቃጠለው ከሱ ሊሆን ይችላል።

ዘሩን ለማብቀል ከኤሲ (ከአየር ማቀዝቀዣው) የሚንጠባጠበውን ውሃ ብትጠቀሚ ጨው የለበትም ማለት ይቻላል፣ አንዳንዶች ያደርጉታል፣ ግን ከቧንቧው ወይም ከማሽኑ አቧራና ቆሻሻ ሊይዝ ስለሚችል ለሚበላ ቅጠል ሁልጊዜ አትመኪበት፣ ለመብቀያው ሳምንት ብቻ ይበቃሻል። ጎመን ደግሞ የዱባይን በጋ አይችልም፣ ሰኔ ሐምሌ ላይ ዘርተሽ ከሆነ ጨውም ባይኖር አይበቅልልሽም፣ መስከረም ማለቂያ ላይ ወይም ጥቅምት ላይ ዝሪው፣ ጠዋት ፀሐይ ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚሆን ቦታ አድርገሽ። የቀረሽን ዘር እስከዚያው ጠርሙስ ውስጥ ከድነሽ ፍሪጅ አስገቢው፣ ኩሽናው ሙቀት ውስጥ አታቆዪው።